ንጉሥ በውሰት፦ ስለ ፒተር ኤብራሃምስ «ቴል ፍሪደም»

በግቢያችን ፒተር ኤብራሃምስን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም በአንድ ነገር ብቻ ነው። «አባቱ እኮ ኢትዮጵያዊ ነው!» ይባላል። ወሬው ከመጽሐፉ ቀድሞ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ማንበብ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ሰውየው የእኛ ከሆነ ምን ቀረ? እኛ ግን «ቴል ፍሪደም»ን አነበብነው፤ ተከራከርንበትም። ካነበብነው በኋላ «የእኛ ነው» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ከበደን። ለምን እንደከበደን እንናገር።

በመጀመሪያ ላላነበበው። «ቴል ፍሪደም» በ1954 (ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓ ነው) ለንደን ውስጥ የታተመ የሕይወት ታሪክ ነው። ርእሱን በግርድፉ «ነጻነትን ተናገሩ» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲው በ1919 በጆሃንስበርግ፣ ፍሬደዶርፕ በሚባል የድኾች ሰፈር ተወለደ። አባቱ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የዘለቀ፣ በማዕድን ጉድጓድ የሠራ ሰው ነው። እናቱ ደግሞ የሀገሩ ልማድና ሕግ «ከለርድ» ብሎ ከለየው ወገን ናት። አባትየው ልጁ ገና ነፍስ ሳያውቅ ይሞታል፤ ቤቱም አብሮት ይፈርሳል። እናት ለሰው ቤት ሥራና ለልብስ አጠባ ትወጣለች፤ ልጆቹ በዘመድ ቤት ይከፋፈላሉ። ትንሹ ልጅ፣ በቤት ስሙ ሊ፣ ወደ ገጠር ወደ አክስቱ ወደ ሊዛና ወደ ባልዋ ወደ ሳም ይላካል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የረኀብ፣ የሥራ፣ የትምህርትና በመጨረሻም ሀገርን ጥሎ የመሄድ ታሪክ ነው።

ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚያስታውሰው በዚህ በመጨረሻው ነው። ልጁ ተምሮ፣ ገጣሚ ሆኖ፣ በመርከብ ወጣ፤ ነጻ ሆነ፤ አበቃ። በበኩላችን ይህን ንባብ አንቀበለውም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቤተሰቡ የተበተነው ማንም መርከብ ሳይሳፈር በፊት ነው። እናትና ልጅ አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ተሰድደዋል። ታላቅ እህቱ ማጊ በልጅነቷ እንጀራ ፈላጊ ትሆናለች። አክስቱ ማቲ በድብቅ መጠጥ እየጠመቀች ትሸጣለች፤ ፖሊስ በመጣ ቁጥር በርሜሉ ይገለበጣል፤ በማግስቱ እንደገና ይጠመቃል። መሄድ የሚባለው ነገር ለእነዚህ ሴቶች የሐሳብ ቅንጦት ነው።

ከሁሉ የበለጠው ምዕራፍ የስቡ ቀን ነው። በገጠሩ የአሳማ ስብ ቀልጦ ከድስቱ ሥር የሚቀረውን ቁርጥራጭ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡበት ቀን አለ። ሊ በውርጭ ያንን ሊገዛ ይላካል። መንገድ ላይ ነጭ ልጆች ያገኙታል፤ ይሰድቡታል፤ አልፈውም የሞተውን አባቱን ይሰድቡበታል። ልጁ ይማታል። ማታ አንድ ነጭ ሰው ልጆቹን አስከትሎ ከአጎት ሳም ደጃፍ ይደርሳል። አጎት ሳም ልጁን ለትምህርት እንዲሆነው ይገርፈው ዘንድ ይታዘዛል። ይገርፈዋልም።

ልብ በሉ፤ ነጩ ሰውዬ እጁን አያነሣም። ዱላው ከቤት ነው የሚወጣው። የሚገርፈው የሚያበላው ሰው ነው። ኋላ አክስት ሊዛ ልጁን አስተኝታ፣ ባልዋም እንደታመመ፣ አንድ ቀን ነገሩ እንደሚገባው ልታስረዳው ትሞክራለች፤ ልጁ ግን በዚያች ሌሊት አይገባውም፤ ሊገባውም አይችልም። ደራሲው እዚህ ላይ ስለ ዘር መድልዎ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ዲስኩር አያሰማም። መቼም የእኛ ሀገር አንዳንድ ደራሲዎች በዚህ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ አጎት ሳምን አቁመው ሁለት ገጽ ባስለፈለፉት ነበር። ኤብራሃምስ ጅራፉን ያሰማናል፤ ዝምታውን ያሰማናል፤ ያልፋል።

ታዲያ የተሰደበው አባት እኮ ኢትዮጵያዊው ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ደጃፍ ምን ረዳችው? ምንም። ሌላም ቦታ አለ። ሊ ጆሴፍ ከሚባል የዙሉ ልጅ ጋር ይወዳጃል። ጆሴፍ ነጭ ሳይመጣ በፊት ዙሉዎች ነገሥታት እንደነበሯቸው ያጫውተዋል፤ ከለርዶች ግን የራሳቸው ጥቁር ንጉሥ እንዳልነበራቸው ይነግረዋል። ሊ ይከፋዋል። ጆሴፍም ያጽናናዋል፦ አንተ ወንድሜ ነህ፤ የእኔ ነገሥታት ያንተም ይሁኑ፣ ይለዋል በደግነት። የኢትዮጵያዊ ልጅ ንጉሥ በውሰት አገኘ ማለት ነው! ከዙሉ ልጅ። እኛ በታሪክ ክፍለ ጊዜ የነገሥታት ስም ዝርዝር እየቆጠርን ስናዛጋ የኖርን ሰዎች ይህን ስናነብ ሳቅ መጣብን፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። ለዚያ ልጅ ኢትዮጵያ ሀገር አይደለችም፤ የሞተ ሰው ድምፅ ናት። ቤት የሆነው ያ ጓደኛው ያካፈለው ነገር ነው። ስለዚህ «የእኛ ነው» የሚለው ሰው በመጀመሪያ ለጆሴፍ ፈቃድ ይጠይቅ እንላለን።

«ከለርድ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ከመካከላችን አንዱ «ክልስ ብንለው ምን አለበት?» አለ። አለበት። ክልስ የሰፈር ቃል ነው፤ ጎረቤት መልክ አይቶ የሚሰጠው። ከለርድ ግን ኋላ መዝገብ ሆኗል። በ1949 የወጣው ሕግ ነጭና ነጭ ያልሆነ እንዳይጋባ ከለከለ፤ በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ደግሞ ሰውን ሁሉ በዘር ከፍሎ መዘገበ። የጋብቻው ክልከላ እስከ 1985፣ የምዝገባው ሕግ እስከ 1991 ጸንቶ ቆየ። መጽሐፉ የሚተርከው ዘመን ግን ከእነዚህ ሕጎች በፊት ያለው ነው። ሊ በተገረፈባት ማታ አፓርታይድ የሚባለው ሥርዓት በስሙ ገና አልታወጀም። ሕጉ የመጣው አጎት ሳም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር በወረቀት ላይ ሊያሰፍር ነው።

ይህም የደቡብ አፍሪካ ጉድ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በወረራው ዘመን፣ በ1937፣ ፋሺስቶች ጣልያናዊና የቅኝ ግዛቱ ተወላጅ እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ አወጡ፤ በ1940 ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከሀገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል አገዱ። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ቀሩ። እኛስ ምን ብለን ጠራናቸው? «ዲቃላ» አልናቸው። ኧረ ዛሬም ይህች ቃል ከአፋችን አልጠፋችም፤ በዶርም ጭቅጭቅ መካከል ጣል ስትደረግ የሰማ ያውቃል። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ጆሃንስበርግ ድረስ ሄደን «የእኛ ነው» እንላለን፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን የሰፈራችንን ልጅ «የማነው?» እንላለን። «የእኛ ነው» የሚለው ቃል አፋችን ላይ የከበደን በዚህ ነው።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የመሄድ ሐሳብ በሊ ላይ የሚያድረው በአንድ ቀን አይደለም፤ ይህን ደራሲው በጥሩ ሁኔታ ሠርቶታል። ፊደል ሳይቆጥር፣ በአንድ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሲላላክ፣ እዚያ የምትሠራ አይሁዳዊት ወጣት የኦቴሎን ታሪክ አንብባ ታሰማዋለች። ከመጽሐፍ የሰማው ታሪክ የባዕዱ ጥቁር ባልና የነጯ ሚስት ታሪክ መሆኑ ያስገርማል፤ ደራሲው ግን ጣቱን አይቀስርም። ትምህርት ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ በጆሃንስበርግ የጥቁሮች ማኅበራዊ ማዕከል የዱቦይስንና የሌሎች ጥቁር አሜሪካውያንን መጻሕፍት ያገኛል። ውጭ አገር ማለት በመጀመሪያ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበር ማለት ነው። በ1939 በመርከብ እሳት ማንደጃ ክፍል ሠራተኛነት ተቀጥሮ ሀገሩን ለቀቀ።

ሂሳችን እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ይቸኩላሉ። በስቡ ቀን ላይ ያን ያህል የታገሠ ብዕር፣ ስንብቱ ላይ ሲደርስ ክንፍ ያወጣል፤ ስለ ነጻነት በትላልቅ ቃላት ይናገራል። እናትስ? ማጊስ? በልብስ እጣቢ የተሳለሉ እጆች ልጁን እዚህ አድርሰው ከገጹ ይወጣሉ። አንድ ጓደኛችን «የሄደ ሰው ወደ ኋላ ካየ አይሄድም፤ ለዚህ ነው» ሲል ተከራከረልን። ይሆናል። የሰውየውን ልብ ያስረዳል፤ ምዕራፉን ግን አያድነውም።

ትሬቨር ኖኅ በ2016 ባሳተመው የልጅነት ታሪኩ እዚህች ጥያቄ ላይ የተሻለ ቆሟል እንላለን። ጥቁር እናቱ ከስዊስ አባቱ በሕግ በተከለከለ ግንኙነት የወለደችው ልጅ ነው። ለምን አገር ጥለሽ አልሄድሽም ስትባል፣ እኔ ስዊስ አይደለሁም፤ አገሬ ይህ ነው፤ ለምን እሄዳለሁ፣ የሚል መልስ ትሰጣለች። «ቴል ፍሪደም» ውስጥ እናትየዋን ይህን የጠየቃት ሰው የለም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ የተጻፈበትን ጊዜ ካየን ችኮላው ሌላ መልክ ይይዛል። ኤብራሃምስ በ1952 በእንግሊዝ ጋዜጣ ተልኮ ደቡብ አፍሪካን እንደ እንግዳ አይቷት ተመልሷል፤ ያንንም በ1953 «ሪተርን ቱ ጎሊ» በሚል መጽሐፍ ጽፎታል። ሁለተኛ ሚስቱ ዳፍኔ ሚለር ነጭ ሠዓሊ ነበረች፤ ያን ጋብቻ በትውልድ ሀገሩ ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር። በ1955 ስለ ጃማይካ እንዲጽፍ ተልኮ ደሴቲቱን አየ፤ በ1956 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዚያው ከተመ፤ በ2017 እስከሞተበት ጊዜም ኖረባት። እንግዲህ «ቴል ፍሪደም» በሁለት ጉዞ መካከል የተጻፈ ነው፦ ቤተሰቡን ትቶ በሄደበትና ቤተሰቡን ይዞ በሄደበት። የመጀመሪያውን ጉዞ የሚተርከው ሰው ሁለተኛውን ገና አልሄደም፤ ቤቱ ውስጥ ግን ክልስ ልጆች እያደጉ ነው። የስቡ ቀን የተጻፈው በአባት እጅ መሆኑን ስናስብ፣ ያ ምዕራፍ ለምን ያን ያህል ዝግ ብሎ እንደሚሄድ ተገለጠልን።

በሚመጣው ቁጥር ስለ «ሪተርን ቱ ጎሊ» እንጽፋለን። «ቴል ፍሪደም»ን ማንበብ የሚፈልግ ፎቶ ኮፒው እኛ ዘንድ አለ፤ ለሁለት ሳምንት እናውሳለን። ገጽ እንዳይታጠፍ አደራ፤ የስቡ ቀን ያለበት ቅጠል ካሁኑ ሊገነጠል ደርሷል።