ጣሪያ የቆጠረ ሰነድ

የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ያወጣው «የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ይዞታ» የተሰኘ ሪፖርት የተጻፈው ለፓርላማ ነው። ቋንቋው ደረቅ፣ ሠንጠረዡ ብዙ ነው። ከጭልሞ ደን ግርጌ፣ በጊንጪ ዙሪያ ላሉ ትምህርት ቤቶች ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ስለ ትምህርት ካነበብኋቸው ሰነዶች ሁሉ የዚህን ያህል ያሳሰበኝ የለም።

የጉዳዩ ሥር አንድ ቀላል ኮንክሪት ነው። ስዊድናዊው አክሰል ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲፈለስፈው ጠጠር አላስገባበትም። ሲሚንቶ፣ ኖራና የደቀቀ አሸዋ ይለወሳል፤ ጥቂት የአሉሚኒየም ዱቄት ሲጨመርበት ጋዝ ይፈጠርና እንደ ሊጥ ያብጣል፤ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት ይበስላል። ብረት ተቀብሮበት የጣሪያ ሰሌዳ ሲሆን ክብደቱ ከተራው ኮንክሪት ሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው። ርካሽ ስለሆነና ቶሎ ስለሚገጠም እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በትምህርት ቤቶቻቸውና በሆስፒታሎቻቸው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ደረደሩት። ይሁን እንጂ ብረቱን አጥብቆ አይይዝም። ውሃ ሲያቁርበት ይደክማል፤ ጫፉ በግድግዳው ላይ በቂ መደገፊያ ካላገኘ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኬንት የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣሪያ ተደረመሰ። ቀኑ የዕረፍት ቀን ባይሆን ኖሮ ከሥሩ ሰዎች ሊኖሩ ይችሉ ነበር።

የሪፖርቱ ብርታት ማን መቼ ምን እንዳወቀ ሳይሸፋፍን ማስቀመጡ ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ሕንፃ የመደርመስ አደጋን በሥጋት መዝገቡ ከፍተኛ ቦታ ላይ ጽፎት ነበር። ለጥገናና ለግንባታ በዓመት 5.3 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ገምቶ የተፈቀደለት በአማካይ 3.1 ቢሊዮን ነው። ወደ 24,000 የሚጠጉ ሕንፃዎች የታቀደላቸውን ዕድሜ ጨርሰዋል፤ 700,000 ያህል ተማሪዎች ከፍተኛ እድሳት ወይም እንደገና መገንባት በሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር፤ ይህ ኮንክሪት ሊኖርባቸው ይችላል የተባሉት ትምህርት ቤቶች 572 ነበሩ። አዲስ የግንባታ ውሎችም ከዕቅዱ ብዙ ዘግይተዋል። ቁጥሮቹ ሲደረደሩ ክስ ሆነው ይነበባሉ፤ ኦዲተሮቹ ግን አንዲት የቁጣ ቃል አልተጠቀሙም። ከሁለት ወር ጥቂት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን፣ ትምህርት ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች ክፍሎቻቸውን እንዲዘጉ ታዘዙ። ከዚህ ሰነድ በኋላ አላወቅንም ማለት አይቻልም ነበር።

በሪፖርቱ የምነቅፈው ጥገናን ከወጪ አንጻር ብቻ ማየቱን ነው። ጣሪያ መለወጥ ማለት መጀመሪያ በእንጨትና በብረት ምሰሶ ከሥር መደገፍ፣ ተማሪውን ወደ ጊዜያዊ ክፍል ማዛወር፣ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ማውረድ፣ ከዚያ ውሃ የሚያፈስስ ተዳፋት ያለው አዲስ ጣሪያ ማልበስ ነው። በዚህ መሃል አስተማሪው የት ያስተምራል? ጣሪያው ላይ የውሃ እድፍ ሲሰፋ ቀድሞ የሚያየው ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛስ ለማን ይናገራል? የእነዚህ ሰዎች ድምፅ በገጾቹ ላይ እምብዛም አይሰማም። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ፣ ኮንክሪቱ የተረጋገጠባቸው 234 ትምህርት ቤቶች ሲለዩ 119ኙ እንደገና እንዲገነቡ፣ 110ሩ በድጎማ ጣሪያቸውን እንዲለውጡ ተወሰነ። ሪፖርቱ ይህን አስቀድሞ ባይተነብይም መንገዱን ጠርጎለታል።

ኮንክሪቱን ያበጀችው ስዊድን፣ በኛ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ የኛን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ረድታለች። በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች በሕዝቡ መዋጮ ጭምር ሲሠሩ የለበሱት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ጉዳቱን አይደብቅም፤ ቀዳዳው በብርሃን ይታያል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመታው መምህሩ ዝም ይላል። የሚያሰጋኝ ከቆርቆሮው ሥር ያለው ነው። ጽድ ምስጥ አይደፍረውም፤ የጭልሞ ጽድ ግን ተጠብቆ መኖር ያለበት ደን ስለሆነ ለክፍል የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ካልታከመ ምስጥና እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል፤ ኮርኒስ ከለበሰ ማንም አያየውም። ኮሚቴው መዋጮ ሰብስቦ፣ ቆርቆሮውን አስመትቶ፣ መርቆ ይበተናል። መቼ እንደተሠራ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ሽማግሌ ነው።

እንዲህ ያለ ኦዲት ጊንጪ ለምትገኝበት ለደንዲ ወረዳ ቢጻፍ የለንደኑን ያህል ገጽ አያስፈልገውም። ለየክፍሉ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ቆርቆሮው የተመታበት ዓመት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ኮርኒሱ ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ የታየበት ቀን፣ ያየው ሰው ስም። አንድ አናጺና አንድ መምህር ክረምቱ ሳይገባ ሊጀምሩት ይችላሉ።