ትንሿ መስታወት

የጥርስ ሐኪም መስታወት ስፋቷ ከአምስት ሳንቲም ብዙም አይበልጥም፤ የምታሳየው ግን ከጥርስ ያልፋል። ጉንጭ ገለጥ ሲደረግ እንደ ዳንቴል የተጠላለፉ ነጫጭ መስመሮች ብቅ ካሉ፣ ላይከን ፕላነስ የተባለው የቆዳ በሽታ ይጠረጠራል።

ፔምፊገስ ቩልጋሪስ የተባለው ሌላ የቆዳ በሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ነው። ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ከመውጣቱ ወራት በፊት ላንቃና ጉንጭ ይላጣሉ። ታማሚው ሚጥሚጣውን ይወቅሳል፤ አስተዋይ የጥርስ ሐኪም ግን አልድን ካለው ቁስል ጥግ ናሙና ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ኮርቲዞን ከመገኘቱ በፊት አብዛኞቹን ታማሚዎች ይገድል የነበረው ይህ በሽታ ዛሬ በመድኃኒት ይገታል፤ ቶሎ መለየቱ ብዙ ስቃይ ያስቀራል።

በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ፣ ከባልድዊን ሂልስ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ በፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሰፈር፣ ሙያው ሌላም ዕውቀት ይጠይቃል። አዲሰን የተባለው የዕጢ በሽታ ቆዳንም ድድንም ያጠቁራል፤ የአገር ቤት ንቅሳትም ድድን ያጠቁራል። ባህሉን የሚያውቅ ሐኪም ምርመራ ከማዘዙ በፊት ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል፦ «እማማ፣ ድድዎን ተነቅሰው ነበር እንዴ?»