ጭፈራን መዝግቦ ስለ ማቆየት

ጭፈራ እንደ ድንጋይ ሐውልት ቆሞ የሚጠብቅ ቅርስ አይደለም። የሚጨፍረው ሰው እስካለ ድረስ ይኖራል፤ እርሱ ተተኪ ሳያገኝ ሲያልፍ ግን ዐብሮት ይቀበራል። ስለዚህ አፍሪካውያን ሁሉ፥ እኛም ኢትዮጵያውያን፥ የአባቶቻችንን ጭፈራ መዝግቦ የማቆየት ዕዳ አለብን። ነገር ግን የተመዘገበ ሁሉ ቆየ ማለት አይደለም።

የትግራይን ጓይላ ለምሳሌ እንውሰድ። በሠርግ ቤት ወንዱም ሴቱም፥ ሽማግሌውም ልጁም ከበሮውን ተከትሎ በክብ ይዞራል፤ ከበሮው በፈጠነም ጊዜ ፊት ለፊት እየተያየ ትከሻውን ይሰብቃል። ዳር ቆሞ የሚያየውም በተራው ይገባል። ይህ ጭፈራ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ለተመልካች ማሳየት ስላለባቸው ክቡ ይከፈትና ሰልፍ ይሆናል፤ ለሰዓታት ይዘልቅ የነበረውም ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ያልቅና ወዲያው የጉራጌው፥ የወላይታው፥ የኦሮሞው ይከተላል።

ይህን ማለቴ መድረክን ለመንቀፍ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርና ከእርሱ በኋላ የተከፈቱት ቴአትር ቤቶች የገጠሩን ጨዋታ ለከተማው ሰው አስተዋውቀዋል። ዘመንም ጭፈራን መለወጡ አይቀርም፤ አባቶቻችን ራሳቸው የተቀበሉትን ሳይጨምሩበትና ሳይቀንሱበት አላስተላለፉም። መለወጡ ነውር አይደለም፤ የተለወጠውን ያልተለወጠ ነው ብሎ ማስተማር ግን ሐሰት ነው። ዛሬ ብዙ የከተማ ወጣት ጭፈራን የሚማረው ከዘፈን ቪዲዮ ስለ ሆነ፥ አጭሩን ቅጂ ዋናው አድርጎ ይይዘዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሁለት የሀንጋሪ ሊቃውንት፥ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ፥ ወደ አገራችን መጥተው ዘፈንና ጭፈራ መዘገቡ፤ ማርቲንም ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች የጻፈውን በ1967 አሳተመ። የሩቅ አገር ሰዎች ይህን ያህል ከደከሙ፥ ቋንቋውን ከምናውቀው ከእኛ ምን ያህል ይጠበቅ ይሆን?

ዛሬ መቅረጫው በየሰው ኪስ አለ። ሆኖም በስልክ የሚቀረጸው አብዛኛውን ጊዜ የትከሻና የእግር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ግጥሙ ምን ይላል? የሚጨፈረው ለሠርግ ነው፥ ለመከር ነው፥ ወይስ ለበዓል? ማን ይጀምረዋል? ማንስ አይገባበትም? ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሥዕሉ ለልጅ ልጆቻችን የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ፎቶግራፍ ይሆንባቸዋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ስልካችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥታችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የቦታውንና የዕለቱን ስም፥ የዘፈኑንም ቃል ከአፋቸው ተቀብላችሁ ጻፉ። ለመድረክ ያሳጠራችሁትንም አሳጥረነዋል ብላችሁ ተናገሩ። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ ከክቡ ግቡ፤ እግራችሁ ካልተማረው መዝገቡ ብቻውን አያቆየውምና።