በቀይ የሰረዝኩት ቃል

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ተማሪዎቼን በቡድን በቡድን ከፍዬ ወደ ከምባታ ገጠር ላክኋቸው። ሥራው ቀላል ነበር፤ ከአንዲት እናት የቤት ዕቃና የምግብ ስሞችን በከምባትሳ ጠይቆ መመዝገብ ብቻ። ከመጡልኝ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ሦስት ቃላት ከሌሎቹ ቡድኖች መልስ ጋር አልገጠሙም። «በደንብ አልሰማችሁም፤ ተመለሱና አጣሩ» ብዬ በቀይ ሰረዝኳቸው። ልጆቹ ሄደው እነዚያኑ ቃላት ይዘው መጡ። እዚያው ከምባታ፣ ዱራሜ ያደገች አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነስታ «ቲቸር፣ እማማ አልተሳሳቱም፤ የአማታቸውን ስም እየሸሹ ነው» አለችኝ።

ነገሩ ባሊሻ ይባላል። በከምባታ ልማድ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት በስማቸው አትጠራም። ይህ ብቻ ቢሆን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ባሊሻ ግን ከስሙ አልፎ ይሄዳል፤ የስሙን መጀመሪያ ድምፅ የሚጋሩ ሌሎች ቃላትም አብረው ይቀራሉ። በአማርኛ ብናስመስለው፣ አማቷ አቶ ማቴዎስ ቢሆኑ ማር፣ ማታ፣ ማሽላ፣ ማድጋ ከአፏ አይወጡም። አንዳንዱን ቃል ሴቶቹ ሁሉ በሚያውቁት በተለመደ ምትክ ትጠራዋለች፤ ሌላውን ደግሞ ዙሪያውን እየገለጸች ታልፈዋለች። ዛሬ በወጣቶቹ ዘንድ እየቀረ የመጣ ልማድ ነው። እኔ በቀይ የሰረዝኩት እንግዲህ የአንዲትን ሴት የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ ነበር።

የበለጠ ያሳፈረኝ የሩቅ አገር ሰው አለመሆኔ ነው። ጎረቤት ሀዲያ ውስጥ፣ ሆሳዕና ነው ተወልጄ ያደግሁት። የሀዲያው ሀዲይሳና ከምባትሳ አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ከደጋው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ይመደባሉ። ጎረቤት ስለሆንኩ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ያለውን አለማወቅ የሚያርመው የባህል ጥናት በብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከየትምህርት ክፍሉ የተውጣጣ ንዑስ ትምህርት (ማይነር) ሆኖ ይሰጣል፤ ምሕንድስና የሚያጠናውም ነርሷም ከዋና ሙያቸው ጎን ይማሩታል። እኛ ጋ ለዚህ የሚቀርበው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት፣ እኔም የማስተምረው የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ኮርስ ነው። ሙያቸውን ገና ያልመረጡ ልጆች ናቸው። ምደባው ደግሞ ከየአቅጣጫው ያመጣቸዋል፤ የጎጃም፣ የባሌ፣ የወላይታና የአዲስ አበባ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህንን ሀብት አባክኜዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሕዝብ አድል ነበር፤ ቡድኑ የልብሱን፣ የምግቡን፣ የበዓሉንና የጭፈራውን ፎቶ ሰብስቦ ያቀርባል። ሀዲያ ከሆነ የያሆዴ በዓልና የአታካና ምግብ፣ ከምባታ ከሆነ የመሳላ በዓልና የሀምበሪቾ ተራራ። ይጨበጨባል፤ ማርክ ይሰጣል። «ጥያቄ ያለው?» ስል ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ምኑን ይጠይቁ? ሁሉም ያማረውን ብቻ ነዋ ያሳየው።

አሁን ሕዝብ አላድልም። የምሰጠው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቃል፣ አንድ ተክል፣ አንድ የከተማ ስም። ቡድኑ ያንን ነገር ይዞ አባላቱ ሊገቡበት በሚያስቡት ሙያ ሁሉ በኩል ያየዋል።

ሆሳዕናን ልስጣቸው እንበል። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚጠራበትም ይኸው ስም ነው። የዛሬ ስሟ የመጣው የምኒልክ ሠራዊት አገሩን ከያዘ በኋላ ነው፤ ከበዓሉ ከሆሳዕና። ታሪክ የሚወደው ልጅ ማን እንደሰየማት ይከታተላል። ሕግ ያሰበችው ያን ጊዜ መሬቱ የማን ሆነ ትላለች። ጂኦግራፊ ያማረው ከተማዋ ለምን እዚህ ከፍታ ላይ ተቆረቆረች ይላል። እንሰት የደረሰው ቡድንም እንዲሁ ነው። ግብርና ያሰበው ዝርያዎቹን ይቆጥራል፤ ኢኮኖሚክስ ያሰበችው ግን ወደ ጓሮ ዞራ፣ የሚፍቁት ሴቶች ከሆኑ ቆጮው ሲሸጥ ብሩን የሚይዘው ማነው ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ቆጠራው ብቻውን መልስ እንደማይሆን ሁሉም ያየዋል።

ባሊሻን በክፍል ስናነሳው የሆነው ግን እኔም ያልጠበቅሁት ነው። ቋንቋ ሊያጠና ያሰበው ልጅ ክልከላው እስከየትኛው ድምፅ እንደሚሄድ ሊለካ ተነሳ። ነርሲንግ ያሰበችው «ካርድ ክፍል ተቀምጬ የአማትሽ ስም ማነው ብላት ምን ልትለኝ ነው?» አለች። መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር ሊሠራ ያሰበው ልጅ፣ ከእናቶች ብቻ ብሰበስብ ምን እንደሚወጣልኝ ይታያችሁ ብሎ ራሱን ያዘ። አንዷ ደግሞ ቆጣ ብላ ጥንቃቄው የሴቷ ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። የዱራሜዋ ልጅ መለሰችላት፦ «ትክክል ነሽ። አያቴ ግን እንደ ሸክም አታየውም፤ እንደ ሙያ ነው የምትኮራበት።» ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ አንዷ ለሌላዋ እንድትተው አላደረግሁም።

ከዚያ ዝም ብሎ የቆየው የጎጃም ልጅ ተናገረ። «የእናቴን የልጅነት ስም ያወቅሁት መታወቂያዋ ላይ ነው። እቤት ሁሉም ሰው የሚጠራት አማቷ ባወጡላት ስም ነው።» ክፍሉ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ጸጥ አለ። እዚህ ሙሽራዋ የአማቷን ስም ትተዋለች፤ እዚያ የራሷን ትተዋለች። ልጁ የከምባታን ባህል ሊያጠና ገብቶ የእናቱን ቤት አገኘ።

ንጽጽሩ ከአገር ውጭም ይሄዳል፤ የደቡብ አፍሪካዎቹ የኾሳና የዙሉ ሴቶችም ህሎኒፓ የሚሉት ወግ አላቸው፤ ያገባች ሴት በአማቷ ስም ውስጥ ያሉትን ድምፆች ከንግግሯ ታስወጣለች። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የተሰደዱ ስንትና ስንት ወንድሞቻችን ሱቅ ከፍተው የሚነግዱት እዚያው አገር ነው። እናቱ ስትጠነቀቅ እያየ ያደገ ልጅ፣ ባንኮኒው ማዶ የቆመችው ደንበኛ ስትጠነቀቅ ላያውቅ ይችላል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «እንግዲያውስ ዘመዳሞች ነን!» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ አቆማቸዋለሁ። የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ በሁለት አገር ለየብቻው ሊበቅል ይችላል። ማወዳደር ጥሩ የሚሆነው ጥያቄ ሲጨምር እንጂ ለመደምደም ሲያጣድፍ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ባህላዊ አንጻራዊነት የሚባለው ትምህርት ነው። ሰውን በራሱ ሚዛን ለመረዳት ሞክር ይላል፤ ተማሪ ግን ቶሎ ወደ «ባህላቸው ነው፣ አይነካም» ይለውጠዋል። ታዲያ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቤተሰቦች በየሰፈራችን የደረሰባቸው መገለልስ? እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት፣ ክፉ ነው ብዬም ያላሰብኩት ነው። እዚህ ላይ የማነሳው የከምባታዋን ቦጋለች ገብሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬ.ኤም.ጂ. ኢትዮጵያ የተባለውን ድርጅት መሥርተው በሴት ልጅ ግርዛት ላይ የዘመቱ፣ በ2019 ያረፉ ሴት ናቸው። ከውጭ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን በግርዛት አልጀመሩም። ምን እንደቸገራቸው ሰዎቹን ጠየቁ፤ ድልድይ ተባሉ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበያተኛም ገበያ የሚደርስበት ድልድይ አልነበረም። ድልድዩ ተሠራ፤ የማኅበረሰብ ውይይቱ ጊዜውን ወስዶ ተከተለ። ተማሪዎቼ ከዚህ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። መረዳት የመተው ሰበብ አይደለም፤ መለወጥ የፈለገም መጀመሪያ መጠየቅ አለበት፤ ያውም የራሱን ሳይሆን የሰውየውን ጥያቄ።

ቀይ እስክሪብቶ አሁንም እይዛለሁ፤ የሰዋስው ስህተት ይሰረዛል። ከሌላው ጋር ያልገጠመ መልስ ሲመጣልኝ ግን ጎኑ ላይ «ለምን?» ብዬ ጽፌ እመልሰዋለሁ። ከፍ ያለ ማርክ የሚያገኘው ቡድን ብዙ ጊዜ ያንን «ለምን» ተከትሎ የሄደው ነው።

የባሊሻው ነገር በሆነ ሰሞን እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። ቡና እየቀረበ ሳለ ድንገት አንድ ነገር ታወሰኝ፤ የወንድ አያቴን ስም ከእናቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «የአባትህ አባት» ትላለች፣ «ትልቁ ሰውዬ» ትላለች። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ ልብ አላልኩትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ጀበናውን ከእሳቱ እያወረደች፣ «መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች።