የ24 ሰዓቱ ደንብ የማያየው በሽታ

እስቲ ዘጌ፣ ጀልባ መቆሚያው ላይ ቆማችሁ ጣናን ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ከሐይቁ ወዲያ ፎገራና ሊቦ ከምከም አሉ። ወደ መተማና ሱዳን የሚወርደውን መንገድ ደግሞ ዘጌዎች ያውቁታል፤ ቡናቸው ድሮ ለገበያ የሚሄደው በዚያ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚወርደው ለሰሊጥ ሥራ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ ነው።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ተገኘ። የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሕሙማኑ ይታከሙ የነበረው ለወባ ነው። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል፣ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ! በቀጣዮቹ ሁለት ዓመት ተኩል ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመሙ። ተመራማሪዎች ጥገኛ ተሕዋሱ የመጣው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ከቀያቸው ወጥተው የማያውቁም ግን ታመዋል።

የሚገርመው፣ በዚያው ወር ጄኔቫ ላይ የዓለም ጤና ጉባኤ አዲሱን ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አጸደቀ። አንድ አገር አሳሳቢ ክስተት መሆኑን ገምግሞ ባረጋገጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። ለኮሌራ ዓይነቱ ፈጣን በሽታ ግሩም ነው። ካላዛር ግን ደንቡ በስም ከዘረዘራቸው ውስጥ የለም። ያልተዘረዘረው የሚመዘነው በአራት ጥያቄ ነው፦ ከባድ ነው? ያልተጠበቀ ነው? ድንበር ይሻገራል? ጉዞና ንግድ ያስተጓጉላል? ለሁለቱ «አዎ» ከተባለ ማሳወቅ ግድ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ለመመለስ መጀመሪያ በሽታው መታወቅ አለበት። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከግምገማው በኋላ እንጂ ገበሬው ካተኮሰው ቀን አይደለም።

ኬላ ላይ ሙቀት መለካትስ? እሱም አያድንም። በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ላይ፣ ግራር ሥር ተኝቶ የተነከሰ ሰው ምልክቱ የሚታይበት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው። መተማን ጤነኛ ሆኖ ያልፋል፤ ሐይቁ ዳር ሲታመም የት እንደነበረ የሚጠይቀው ከሌለ ወባ ይባላል። ዝንቧ ደግሞ መተማም ገዳሪፍም ስላለች፣ የአንድ አገር መዝገብ ብቻውን ጎዶሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ካላዛርን ከምሥራቅ አፍሪካ የማስወገጃ ማዕቀፍ ይፋ አድርጓል። ደስ ይላል፤ ማዕቀፍ ግን እንደ ደንብ አያስገድድም። እኔ ብሆን በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ በግዴታ አስጨምር ነበር፦ «ባለፈው ዓመት የት ሠራህ?» መልሱም ገዳሪፍ ያለው ሐኪም ጋ ይድረስ፤ የእሱም ወደ እኛ።