የጋፋት ባለሙያዎችና የእኛ ፕሮግራመሮች

አንድ አንጋፋ ፕሮግራመር ልቡ መሸፈቱን የማውቀው ገና የደመወዝ ጥያቄ ሳያነሳ፣ በዝምታው ነው። «ይህ ለምን እንዲህ ተሠራ?» እያለ ሲሞግተን የነበረ ሰው የተሰጠውን ሁሉ «እሺ» ብሎ መቀበል ከጀመረ የመልቀቂያ ደብዳቤው ሩቅ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ቶሎ ብዬ ልለፍ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቤቱ ተቀምጦ በዶላር የሚያስከፍለውን ባለሙያ በደመወዝ ማቆየት ለአብዛኞቻችን አይሞከርም። የሚገባውን መክፈል ግን ግዴታ ነው። የቤት ኪራይ እንቅልፍ የነሳውን ሰው በሚጥም ሥራ አቆየዋለሁ ማለት ግፍ ነው። ከዚያ ወዲያ በእጃችን ያለው ሥራው ራሱ ነው።

እኔ የጣራ ገዳም አካባቢ ልጅ ነኝና ባለሙያን በሥራ ማቆየት ሲነሳ ጋፋት ትዝ ይለኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዚያች መንደር ያሰፈሯቸው ቫልድማየርና ባልደረቦቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ትልቅ መድፍ ሠርተው አያውቁም፤ አንችልም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ቴዎድሮስ ሽልማት አልሰሰቱም፤ መንገድ ሲጠረግም ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሥራውን ከልቡ የሚፈልግ፣ እጁንም የሚያስገባ አለቃ ማግኘት ለባለሙያ ትልቅ ነገር ነው።

በሩ ግን ተዘጋ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንሂድ ቢሉም የሚለቃቸው አልነበረም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ በኋላም አስፉሪየህ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ያ ሁሉ አቅም እኛ ዘንድ እያለ በአብዛኛው ለመድፍ መዋሉ ያንገበግበኛል። ሥራ ሰውን ማቆየቱ የሚታወቀውም መሄድ ሲቻል ነው።

ለእኛ ፕሮግራመሮች ከባድ ሥራ ሞልቷል፤ ሌላ አገር ማንም የማይሠራልን ሥራ። ዝም ማለት ለጀመረ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ የጤና ጣቢያ መመዝገቢያ ሰጠሁት። ፀሐይ የምትባል ታካሚ አንዴ ፀሐይ፣ አንዴ ጸሀይ፣ ሌላ ቀን ጸሐይ ተብላ ትጻፋለች፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናት። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ማምጣት ቀላል ነው። የስሟ አጻጻፍ ግን የእሷ ነው፤ ወረቀቷ ላይ እንዳለ መውጣት አለበት። ስለዚህ ለፍለጋ አንድ መልክ፣ ለኅትመት ሌላ መልክ ይቀመጣል። ጳጉሜ 6 የተወለደ ሕፃንም አለ፤ ወር 12 ብቻ ነው ብሎ የተጻፈ የውጭ ኮድ እሱን አያውቀውም።

ባልደረባዬ ኮዱን ከመጀመሩ በፊት ካርድ ክፍል ሄዶ ከመዝጋቢዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ካርዱ ሲጠፋብሽ በምን ትፈልጊዋለሽ?»

«በአባት ስምና በቀበሌ ነዋ! የራስ ስምማ ስንት ሰው አለው።»

ተመልሶ ያወጣነውን ንድፍ ግማሹን አፈረሰው። እኔም ዝም አልኩ፤ ልክ ነበራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ተመለሰ፤ አጠገቡ የመደብኩለት ጀማሪ ልጅም እንደሱ መጠየቅ ጀመረ።

ለአንጋፋ ባለሙያ ችግሩን ከነሥሩ ስጡት፤ ቆራርጣችሁ አትስጡት። ተጠቃሚውን ራሱ ያግኘው፤ «ይህ አይሆንም» የማለት መብትም ይኑረው። መሄድ ከፈለገ ደግሞ በክብር ሸኙት፤ በክብር የተሸኘ ሰው ስልክ ሲደወልለት ያነሳል።

የቀረው ትልቁ ጣጣ የዕድገት መሰላላችን ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ጎበዝ ፕሮግራመር ደመወዙ የሚያድገው ቡድን መሪ ሲሆን ነው፤ ያኔ ቀኑን ስብሰባ ይበላበታል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎታል፤ ከዚያ ለሚወጡት ልጆች ኮድ እየጻፈ የሚያረጅ፣ በደረጃም በደመወዝም ከኃላፊው እኩል የሆነ ሰው ማሳየት መቻል አለብን። ለዚህ የሚያስፈልገው የደረጃ ሰንጠረዡን ማስተካከል ነው፤ የእኛን ቡድን ሰንጠረዥ ጽፌ ለአስተዳደር አቅርቤአለሁ።