ዳኛው ቲፎዞ ሲሆን፦ የአሜሪካ ኮሌጆች ማርክና የሆኪ ሜዳ

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ስለ ራሱ የማርክ አሰጣጥ ያወጣውን ዘገባ አንብቤ ስጨርስ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ የበረዶ ሆኪ ነው። ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንባቢ ጥቂት ቢታገሰኝ ግንኙነታቸውን አሳያለሁ። ዘገባውን ያዘጋጁት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ዲን አማንዳ ክሌይባው ናቸው። እሳቸው በዘገባው እንዳሉት በሃርቫርድ ይሰጥ ከነበረው ማርክ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ሩብ ያህል ብቻ ነበር። ማርክ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ መሥራት አቅቶታል ብለው የጻፉት የውጭ ተቺዎች ሳይሆኑ የቤቱ ባለቤቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ በ2001 እንዳጋለጠው በዚያ ዓመት ከሃርቫርድ ከተመረቁት 91 በመቶው «በማዕረግ» ነበር የተመረቁት። ከመቶ ዘጠና አንዱ ማዕረግ ካገኘ ማዕረግ ያጡት ዘጠኙ ምን አድርገው ይሆን? ሃርቬይ ማንስፊልድ የሚባሉት የፖለቲካ ፍልስፍና ፕሮፌሰር በዚያው ሰሞን ለአንድ ተማሪ ሁለት ማርክ መስጠት ጀመሩ፦ አንዱ ሬጅስትራር የሚያውቀው ያበጠው ማርክ፣ ሁለተኛው ለተማሪው ብቻ በሹክሹክታ የሚነገረው እውነተኛው ማርክ። እኒሁ ሰው በ2013 በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስተው ጠየቁ፤ መካከለኛው ማርክ ኤ ማይነስ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚሰጠው ደግሞ ኤ ነው የሚል መልስ ከዲኑ አገኙ። ስለ ማንስፊልድ የፖለቲካ አቋም ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔም ብዙውን አልደግፍም። በዚህ ጉዳይ ግን ጥያቄው ትክክል ነበር።

ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ማርኩ አይደለም ያበጠው፣ ተማሪዎቻችን ናቸው የጎበዙት።» እንዲህ ያለ መልስ የቲፎዞ መልስ ነው። የዳኛ መልስ አይደለም።

አሁን ወደ ሆኪው ልሂድ። በሰሜናዊ ኒውዮርክ ለዓመታት በመኖሬ ኢታካ ከተማ የሚገኘውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆኪ ሜዳ፣ ላይና ሪንክን፣ በደንብ አውቀዋለሁ። በ1957 የተከፈተ ጠባብና ጣሪያው ዝቅ ያለ አዳራሽ ነው። በውስጡ አራት ሺህ ያህል ሰው ታጭቆ ሲጮህ ጆሮ ይደነቁራል። የተጋጣሚው ቡድን ተጫዋቾች ስም ሲጠራ ተማሪው ሁሉ ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል፤ «ማን ናችሁና ነው የምናያችሁ» ማለቱ ነው። ጎል የገባበት በረኛ «ወንፊት!» ተብሎ ይሰደባል፤ ጥፋቱም የእሱና የእሱ ብቻ መሆኑ በኅብረት ይነገረዋል። ሃርቫርድ ሲመጣ ደግሞ ወደ በረዶው ዓሣ ይወረወራል። ታሪኩ እንዲህ ነው ይባላል፦ በ1973 የሃርቫርድ ደጋፊዎች ኮርኔል የእርሻ ኮሌጅ ስላለው «ገበሬዎች» ብለው ለመስደብ በኮርኔሉ በረኛ ላይ ዶሮ ወረወሩ። ኮርኔሎችም ለቦስተን ዓሣ አስጋሪዎች አጸፋውን በዓሣ መለሱ። ገበሬ ብሎ መስደብ የእኛ ከተሜ ብቻ በሽታ አለመሆኑን ያየሁት እዚህ ነው።

የገና ጨዋታን ለሚያውቅ አበሻ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንም። በጠማማ ዱላ ሩር ማሳደድ፣ በሁለት ወገን መቧደን፣ ተሸናፊውን በግጥም መሸርደድ፣ ጌታውም ቢሰደብ ያለመቆጣት ሕግ... በረዶው ብቻ ነው የጎደለን። በገናም በላይናም ቲፎዞ ሚዛናዊ ሁን አይባልም። እንዲያውም ሚዛናዊ ቲፎዞ ምን ይረባል?

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አራት ሺህ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጮህ የውጤት ሰሌዳውን አይነካም። ኮርኔል 4 ለ 1 ከተሸነፈ 4 ለ 1 ተሸንፏል፤ ልጆቹ ደክመዋልና፣ እናቶቻቸውም ከሩቅ መጥተዋልና 4 ለ 3 ይባልልን የሚል አንድ ሰው ከመካከላቸው አይነሳም። ቢነሳ የሚጠላው የራሱ ወገን ነው። የኮርኔል ቡድን በ1970 29 ጊዜ ተጫውቶ 29 ጊዜ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ ሲባል ዛሬም የምናምነው፣ መሸነፍ ይቻል ስለነበረ ነው። ከዚያ በፊት በረኛው የነበረውና በ2025 ያረፈው ኬን ድራይደን በሦስት ዓመት 76 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ አንድ ጊዜ አቻ ወጥቷል። እነዚያ አራት ሽንፈቶች ባይኖሩ ሰባ ስድስቱን የሚያምን ይኖር ይሆን?

በዚህ አላበቃም። የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ ብሔራዊ ውድድር 16 ቡድኖች ብቻ ይገቡበታል። ስድስቱ የየማኅበራቸው አሸናፊዎች ናቸው። የቀሩት አሥሩ በስሌት ይመረጣሉ። ለብዙ ዓመታት ይሠራበት የነበረው ፔርዋይዝ የተባለው ስሌት ከራስ ድል ቁጥር ይልቅ ለተጋጣሚዎች ጥንካሬ ይበልጥ ክብደት ይሰጥ ነበር። ሃያ ደካማ ቡድን ያሸነፈ፣ አሥራ አምስት ጠንካራ ቡድን ካሸነፈው በታች ሊውል ይችላል። እንዲያውም በጣም ደካማ ቡድን ማሸነፍ አማካዩን ወደ ታች ሊጎትት ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ድል ከስሌቱ እንዲወጣ ልዩ ደንብ እስከ ማውጣት ተደርሷል። በየማርቹ ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ በጣታቸው ጫፍ ያውቁታል፤ እከሌ ዛሬ ቢሸነፍ እኛ አሥራ አምስተኛ እንሆናለን እያሉ ሌሊቱን ሲያሰሉ ያድራሉ። «ከማን ጋር ተጫውቶ ነው ያሸነፈው?» የሚለው ጥያቄ ለእነሱ የሀሁ ያህል ቀላል ነው።

እነዚሁ ልጆች ጠዋት ወደ ክፍል ሲሄዱስ? ጂ.ፒ.ኤ. የሚባለው ነገር ተጋጣሚን አያውቅም። ግማሹ ክፍል ሲ ባገኘበት የፊዚካል ኬሚስትሪ ክፍል የተገኘ ኤ እና ሁሉም ኤ ባገኘበት ክፍል የተገኘ ኤ እኩል 4 ተብለው ይደመራሉ። በሆኪ ሜዳ ማንም የማይቀበለውን ስሌት በትምህርት ቤት ሁሉም ተቀብሎታል።

ይህን ለማስተካከል በድፍረት ከሞከሩት አንዱ ያው ኮርኔል ነው። የመምህራን ሴኔቱ በ1996 ሁለት ነገር ወሰነ፦ የየኮርሱ መካከለኛ ማርክ፣ ማለትም ግማሹ ተማሪ ከእሱ በላይ ግማሹ ከእሱ በታች ያገኘበት ማርክ፣ በኢንተርኔት ይፋ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ትራንስክሪፕት ላይም ይጻፍ። የመጀመሪያው በ1998 ተጀመረ። ሁለተኛው ግን ዘገየና በ2008 ለገቡ ተማሪዎች ነው የደረሰው። ታሊያ ባር፣ ቭሪንዳ ካዲያሊና አሳፍ ዙስማን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ2009 ባሳተሙት ጥናት የሆነውን አሳይተውናል፦ ተማሪው ዝርዝሩን እያየ ማርክ ወደሚዘንብበት ኮርስ ጎረፈ፤ የዩኒቨርሲቲው ማርክም ይበልጥ አበጠ። በ2011 ዝርዝሩን ከኢንተርኔት አወረዱት።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ «ግልጽነት አይሠራም» ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ለአሥር ዓመት ያህል መረጃው ለገዢው ተሰጥቶ ለሚዛን ተቆጣጣሪው ተከልክሎ ነበር። ተማሪው የትኛው ኮርስ ለስላሳ እንደሆነ ያያል፤ ቀጣሪው ግን ኤዋን እንጂ ኤዋ የተገኘችበትን ክፍል አያይም። በእንዲህ ያለ ገበያ ለስላሳውን ያልመረጠ ተማሪ ቂል ነው። በሆኪ ቋንቋ ቢነገር፣ ቡድኖች ደካማ ተጋጣሚ እየመረጡ እንዲጫወቱ ተፈቅዶ አወዳዳሪው ኮሚቴ ግን የተጋጣሚዎቹን ስም እንዳያይ ዓይኑ ተሸፍኗል።

መምህሩስ ለምን ያብጣል? እኔም በዚህ አገር ኮሌጅ ያስተማርኩ ነኝና የውስጡን አውቃለሁ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪ ለመምህሩ ማርክ ይሰጣል። ቋሚ ቅጥር የሌለው መምህር ውሉ የሚታደሰው ያንን ወረቀት እያዩ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ የክፍል ኃላፊው ጠርተው «ሲ መስጠት መብትህ ነው፤ ግን ከሲ በኋላ የሚመጣውን ኢሜይል የምታነበው አንተው ነህ» ብለውኛል። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ሥርዓቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ እንጂ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ቲፎዞና የውጤት ሰሌዳ በአንድ እጅ ሲያዙ የሚሆነው ይኸው ነው።

በኮታ ይገደብ የሚሉ አሉ። ፕሪንስተን በ2004 ኤ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ መመሪያ አወጣ፤ በ2014 ተወው። ተማሪዎች መመሪያውን እንደ ኮታ ቆጥረው በጭንቀት እርስ በርሳቸው መተያየት ጀምረው ነበር። በዚህ በኩል የሆኪው ምሳሌ ያልቃል። በሆኪ አንዱ ካልተሸነፈ ሌላው አያሸንፍም፤ ካልኩለስ ግን ጎረቤቴ ስላወቀው ከእኔ የሚጎድል ነገር የለም። ሃያው ተማሪ ሁሉ በእርግጥ ካወቀው ሃያው ኤ ያግኝ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን «ከርቭ» የቀመሰ ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዳል። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ተባርሮ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣውን ልጅ «የገና ተመራቂ» ብለን እንስቅበት ነበር። ያ ጭካኔ እንጂ ጥራት አልነበረም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞም አለ። ዌልስሊ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ በ2004 በመግቢያና በመካከለኛ ኮርሶች የክፍሉ አማካይ ማርክ ከቢ ፕላስ እንዳይበልጥ ደነገገ። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ማርኩ በእርግጥ ወረደ፤ ተማሪዎች ግን ደንቡ ከነካቸው የትምህርት ክፍሎች ሸሹ፤ የመምህራኑም ግምገማ ዝቅ አለ፤ በጥቁሮችና በሌሎች ተማሪዎች መካከል ያለው የማርክ ልዩነትም ሰፋ። ይህን መዝለል አልችልም። ልጆቻችን በዚያ ቁጥር ውስጥ ናቸውና። ማርክ ሲጠብቅ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ይመታል። እኔ የምለው፣ ልዩነቱ ቀድሞም ነበረ፤ ኤው ሸፍኖት ነበር። የተሸፈነውን ማንም አያክመውም።

አገር ቤት የሆነውን እናስታውስ። በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ ማለትም 30 ሺህ የማይሞሉ ነበሩ። ሌሎቹ ከዚያ ቀን በፊት ከክፍል ክፍል ሲያልፉ፣ ሪፖርት ካርዳቸውም በየዓመቱ በወላጅ ሲፈረም ኖሯል። አሥራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመውን ዕዳ በአንድ ሳምንት ክፈል የተባለው መምህሩም ሚኒስቴሩም አልነበረም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው።

እዚህ አሜሪካም ዕዳው ወደ ደካማው ነው የሚወርደው፤ አከፋፈሉ ግን ረቂቅ ነው። ሁሉም 3.8 ሲይዝ ቀጣሪው ሌላ መለያ ይፈልጋል፦ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ ያለ ደመወዝ የተሠራ የክረምት ልምምድ፣ አጎቱ በዎል ስትሪት ያለ የክፍል ጓደኛ። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አባት ወይም በነርሲንግ ሆም ድርብ ፈረቃ የምትሠራ እናት ለልጃቸው ከእነዚህ አንዱንም መስጠት አይችሉም። ልጁ ይዞት የሚወጣው አንድ ወረቀት ነው፤ ያቺ ወረቀት ዋጋ ካጣች የእሱ አራት ዓመት ከማንም ይበልጥ ረክሷል። በየምረቃው ድግስ ላይ «ልጄ ሁሉንም ኤ ነው ያመጣው» የሚል ወላጅ ስሰማ ደስታውን አልነካበትም። ልጁን ግን ገለል አድርጌ የትኞቹን ኮርሶች እንደወሰደ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ጥያቄው ወዲያው ይገባቸዋል።

ዳርትማውዝ ኮሌጅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትራንስክሪፕት ላይ ከተማሪው ማርክ ጎን የክፍሉን መካከለኛ ማርክና የተማሪውን ቁጥር ማተም ይዟል። የማርክ እብጠት እዚያም አልቀረም፤ ቢሆንም አንባቢው የትኛው ኤ በየትኛው ክፍል እንደተገኘ ያያል። ኮታ አያስፈልገውም፣ ፕሮፌሰሩን አያዝዝም፣ የሚጨምረው ወጪም አንድ ተጨማሪ አምድ ነው። የዳርትማውዝ ተማሪዎችም ቡድናቸው በፕሪንስተን ላይ የመጀመሪያዋን ጎል ሲያገባ ወደ በረዶው የቴኒስ ኳስ ያዘንባሉ። ሜዳው እስኪጸዳ ጨዋታው ይቆማል፤ ሰሌዳው ላይ ግን 1 ለ 0 እንደተጻፈ ነው።